የኤንኤፍኤልን የሽልማት ምሽት እርሳስ ይዞ መመልከት

ኤንኤፍኤል ኦነርስ የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ የሆነው የኤንኤፍኤል ዓመታዊ የሽልማት ምሽት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በኢንዲያናፖሊስ ሲጀመር የሱፐር ቦውል (የፍጻሜው ጨዋታ) ዋዜማ በሆነው ቅዳሜ ነበር፤ ከ2022 ወዲህ ወደ ሐሙስ ዞሯል። ቀይ ምንጣፉን ለማየት ብቻ ከሆነ በሰዓቱ ቴሌቪዥን መክፈት ይበቃል። የውድድሩን ጣዕም የሚፈልግ ግን ከአንድ ወር በፊት ወረቀትና እርሳስ ያዘጋጅ።

ምክንያቱ ይህ ነው፦ ዋና ዋናዎቹን ሽልማቶች የሚወስኑት በዜና ወኪሉ አሶሺዬትድ ፕሬስ የተመረጡ 50 የስፖርት ጋዜጠኞችና ተንታኞች ሲሆኑ፣ ድምፅ የሚሰጡትም መደበኛው ውድድር እንዳለቀ፣ የጥሎ ማለፉ ጨዋታ ሳይጀመር ነው። እናንተም በዚያው ቀን ምርጫችሁን ጻፉና ወረቀቱን እጠፉት። በጥር ወር የታየ ድንቅ ብቃት ሐሳባችሁን እንዲያስቀይራችሁ አትፍቀዱ።

ለዓመቱ ኮከብ ተጫዋች አምስት ስም በቅደም ተከተል ይጻፋል፤ ነጥቡ 10፣ 5፣ 3፣ 2፣ 1 ነው። ለሌሎቹ ሦስት ስም ይበቃል፤ 5፣ 3፣ 1። በኮከብ ተጫዋቹ ረድፍ አናት ላይ ኳርተርባክ (ማጥቃቱን የሚመራውን ኳስ ወርዋሪ) አስቀምጡ። ከኳርተርባክ ውጪ ይህን ክብር ለመጨረሻ ጊዜ ያገኘው በ2012 የውድድር ዘመን 2,097 ያርድ የሮጠው ኤድሪያን ፒተርሰን ነው። ሴኳን ባርክሊ በ2024 2,005 ያርድ ሮጦ እንኳ የተሸለመው የዓመቱ ምርጥ አጥቂ ተብሎ ነው። ይህ ልማድ ሯጮችን ይበድላል ባይ ነኝ፤ ግምት ግን ግምት ነው።

በምሽቱ አንድ ዕጩ ከአዳራሹ ስለጠፋ አላሸነፈም አትበሉ። ቡድኑ ለፍጻሜ ደርሶ ይሆናል። ፓትሪክ ማሆምስ በ2023 ኮከብነቱ ሐሙስ ታውጆ፣ ሱፐር ቦውሉን ያሸነፈው እሑድ ነው። የዋልተር ፔይተን ሽልማት ሲደርስ ደግሞ እርሳሱን አስቀምጡ። ከ32ቱ ቡድኖች አንድ አንድ ሰው የሚታጭበት ይህ ሽልማት ከሜዳ ውጪ ለኅብረተሰቡ የተሠራ በጎ ሥራም የሚመዘንበት ነው፤ እኔ አልገምተውም፣ አዳምጠዋለሁ።

ከሁሉ የምወደው ከዝግጅቱ በኋላ ያለው ነው፤ የድምፅ ቆጠራው ይወጣል። በየካቲት 2024 ልጄ ከወደቀበት ተነሥቶ ዳግም ለበራ ተጫዋች በሚሰጠው የዓመቱ ተመላሽ ሽልማት ዳማር ሃምሊንን መርጣ ነበር። በሲንሲናቲ ሜዳ ላይ ልቡ ቆሞ የነበረ ልጅ ተነሥቶ ዳግም ሲጫወት ሌላ ማንን ትምረጥ? ሽልማቱ ግን ክለብ አልባ ሆኖ ቆይቶ ዘግይቶ ክሊቭላንድን የተቀላቀለው የጆ ፍላኮ ሆነ። “አባዬ፣ አጭበርብረዋል!” ብላ ተነሣች። ቆጠራው ሲወጣ ደግሞ ባሰባት፤ ሃምሊንን አንደኛ ያደረጉት 21፣ ፍላኮን 13 ብቻ ነበሩ።

አጠገቤ አስቀምጬ አብረን ደመርን። ፍላኮ 13 አንደኛ፣ 26 ሁለተኛ፣ 8 ሦስተኛ፦ 65 ሲደመር 78 ሲደመር 8፣ 151። ሃምሊን 21 አንደኛ፣ 7 ሁለተኛ፣ 14 ሦስተኛ፦ 105 ሲደመር 21 ሲደመር 14፣ 140። ጣቷን 26 ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። በዚያው ምሽት ለዓመቱ ምርጥ አሠልጣኝ ሽልማት ኬቨን ስቴፋንስኪና ዴሜኮ ራያንስ እኩል 165 ነጥብ አግኝተው፣ ስቴፋንስኪ ያሸነፈው በአንደኝነት ድምፅ 21 ለ20 በልጦ ነው።

በቀጣዩ ዓመት ልጄ በዚያው ረድፍ አንደኛውን ስም ወዲያው ጻፈች። ሁለተኛውን ግን ሁለት ጊዜ አጥፍታ እንደገና ጻፈችው።