የባህል ዘፈኑ በተማሪዎች ባንድ ለዛውን ሲያጣ፦ ችግርና መፍትሄ

ልጆቹ የተጻፈላቸውን እየነፉ ዘፈኑ አልጥም ካለ እነሱን አትቆጡ። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ያለው ቅንብሩ ላይ ነው።

ዜማው ልክ ነው፣ ግን የፈረንጅ ይመስላል

በብዛት የሚያጋጥመው ይሄ ነው፤ መጀመሪያ ኪቦርዱን ስሙ። የአምባሰል ቅኝት ከዶ ሲነሳ ድምፆቹ ዶ፣ ሬ ፍላት (ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሬ)፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ናቸው። ሚ የለበትም፤ ሚ ፍላትም የለበትም። ኪቦርድ የያዘው ልጅ ግን እጁ እንደለመደው ዶ ማይነር ኮርድ (ዶ፣ ሚ ፍላትና ሶል አብረው) ይመታል። በዚያች ሚ ፍላት ቅኝቱ ይፈርሳል።

ግራ እጁ ዶና ሶልን ብቻ ይያዝ፤ ቀኝ እጁ ከአምስቱ ድምፆች አይውጣ። በአንቺሆዬ ቅኝት ላይ ሶሉ ራሱ ፍላት ስለሆነ ዶን ብቻ መያዝ ይሻላል። የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ሁሉ አንዱን ዜማ አብረው ይንፉት፣ ወይ በኦክታቭ (ያንኑ ድምፅ አንዱ በቀጭኑ፣ ሌላው በወፍራሙ) ይለያዩ። የድሮ ባንዶቻችን ትራምፔትና ሳክስፎን አንድ ላይ ሲወርዱ ያላቸውን ግርማ አስታውሱ። እኔ ኮርድ ከመደርደር ይሄን እመርጣለሁ።

ትራምፔቱና ሳክስፎኑ ከኪቦርዱ ጋር ይጣላሉ

ሁሉም አንድ ወረቀት ይዘው ይሆናል፤ በትራምፔትና በሳክስፎን ግን የሚጻፈው ኖታና የሚሰማው ድምፅ ይለያያሉ። የኪቦርዱ ዶ ለትራምፔት ሬ፣ ለአልቶ ሳክስፎን ላ ተብሎ ነው የሚጻፈው። ለጀማሪዎች ሜጀር ትዝታን ከሲ ፍላት አስነሱት። ትራምፔቱ ከዶ፣ አልቶው ከሶል ይጀምራል፤ ሁለቱም ወረቀት ላይ አንድም ሻርፕ ወይም ፍላት አይኖርም። ልጆቹ ወዲያው ይቀላቸዋል።

ጭፈራው ማርሽ ሆነ

ጭክችካውን (የጭፈራውን ምት) በ2/4 ጽፋችሁት ከሆነ በ6/8 ጻፉት። ከዚያ በፊት ግን መሣሪያውን አስቀምጠው ያጨብጭቡ፣ ትከሻቸውንም ይነቅንቁ። ስድስቱን ምት አንዴ ሦስት ሦስት፣ አንዴ ሁለት ሁለት እያደረጉ ይቁጠሩ። ድራም ሴቱን ትታችሁ ከበሮ አምጡ፤ ሰፊው ፊት ወፍራሙን ምት፣ ጠባቡ ቀጭኑን ይይዛል።

ልጆቹ መሀል ላይ ትንፋሽ ያጥራቸዋል

የቡሄን ጭፈራ አስቡ፤ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። አውጪውን ለጠንካራው ልጅ ስጡ፣ ተቀባዩ ሁሉም ይሁን። የሚቀበሉት አውጪው ሲነፋ ያርፋሉ።

የማሲንቆውን መንሸራተት ሁሉ በኖታ ለመጻፍ አትድከሙ። አንድ አዋቂ ማሲንቆ ተጫዋች ጋብዛችሁ አስሰሟቸው፤ ልጆች ቶሎ ይቀዳሉ።