ጅንባር ፏፏቴን ለማየት ስትሄዱ እንዳትሸወዱ

ስሜን ተራሮች ገብቶ ጅንባርን ሳያዩ መመለስ ያስቆጫል። እዚያ ድረስ ሄዶ ማጣት ግን ይብሳል። እኔን የገጠመኝ እሱ ነው።

የሄድኩት የካቲት ላይ ነበር። 500 ሜትር ገደማ ቁልቁል የሚወረወር ውሃ በፎቶ አይቼ ስደርስ ገደሉ እንዳለ አለ፣ ውሃው ግን ክር አክሏል። ስካውታችን (አብሮን የሚሄደው የፓርኩ ጠባቂ) ሳቀብኝ፤ “የሱ ጊዜማ መስከረም ነው” አለኝ። እውነቱን ነው፤ ወንዙን የሚሞላው የክረምቱ ዝናብ ስለሆነ መስከረምና ጥቅምት ውሃውም አለ፣ ሰማዩም ይገለጣል። ሐምሌና ነሐሴ ውሃው ቢበዛም ጉሙ ይጋርደዋል።

አርፍዳችሁም አትድረሱ። ጎንደር ላይ ቁርስና ቡና ስንል፣ ደባርቅ ለመድረስ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ስንነዳ፣ የፓርኩ ቢሮ ከፍለን ስካውት ስንይዝ (ያለ ስካውት መግባት የለም) ቀኑ ተጋመሰ። ደባርቅ ወይም ፓርኩ ውስጥ ያለው ሳንቃበር ካምፕ አድራችሁ በጠዋት ውጡ። ከመነሳታችሁ በፊት ደግሞ መንገዱ ሰላም መሆኑን አካባቢው ላለ ሰው ደውላችሁ አጣሩ።

ጢስ ዓባይን የለመደ ሰው እዚህም ውሃው ፊቴን ይረጨኛል ብሎ ያስባል። አይረጭም። ጅንባር የሚታየው ከሸለቆው ማዶ ነው። ዋና ልብስ የያዘ ጓደኛ ነበረን፣ እስካሁን እንስቅበታለን።

“ፏፏቴው ጋ ዋልያ አያለሁ” ማለትም ሌላው ስህተት ነው። ዋልያ ሲባል ብሔራዊ ቡድኑ ብቻ ትዝ ለሚላችሁ፣ እንስሳው ከስሜን በቀር በዓለም የትም የለም። እሱን ለማየት የተሻለው ቦታ ወደ ላይ፣ ጨነቅ አካባቢ ነው፤ ያውም ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ። ፏፏቴው ብቻ አይታችሁ ከተመለሳችሁ ዋልያ አላየንም ብላችሁ አታማርሩ።

ጭላዳ ዝንጀሮ ግን መንገድ ላይም አይጠፋም። ዳቦ አትወርውሩለት፣ የሚኖረው ሳር እየበላ ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ገደሉ ጫፍ ላይ የሚነሳ ሰልፊ ነው። ሳሩ ጠዋት ጤዛ ይዞ ያዳልጣል፣ ነፋሱ ድንገት ይገፋል፣ ከስር ደግሞ ምንም የለም። ስካውቱ “ተመለስ” ካለ ተመለሱ። ሳንቃበር ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር በላይ ስለሆነ ትንፋሽ ያጥራል፣ ራስም ያዞራል፤ ቀስ ብላችሁ ሂዱ፣ ውሃ ጠጡ። ጋቢ ወይም ወፍራም ጃኬት ያዙ፣ ሌሊቱ አይጣል ነው።