በዎርድ የራሳችሁን የቀን መቁጠሪያ እንዴት ትሰራላችሁ?

ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የቀን መቁጠሪያ ዓመቱን ሙሉ ከዓይን አይርቅም። የራስ ስራ ሲሆን ደስ የሚለውም ለዚህ ነው። እኔ የመጀመሪያውን የሰራሁት ለአክስቴ ነበር። ዓይኗ ስለደከመ የተገዛው ካሌንደር ላይ ያሉት ቁጥሮች አይታዩዋትም ነበር። ቁጥሮቹን አገዘፍኩላት፤ የልጅ ልጆቿንም ልደት በየቀናቸው ጻፍኩላት። ዓመቱ ካለቀ በኋላ እንኳ ከግድግዳው አላወረደችውም።

ለዚህ ስራ የተለየ ፕሮግራም አያስፈልግም። ማይክሮሶፍት ዎርድ ይበቃል። ሊብሬኦፊስ ራይተር ወይም ጉግል ዶክስ የምትጠቀሙም በዚሁ መንገድ መስራት ትችላላችሁ፤ የሜኑዎቹ ስምና ቦታ ይለያያል እንጂ ነገሩ ያው ሠንጠረዥ ነው። ዎርድ ተዘጋጅተው የተቀመጡ የካሌንደር ቴምፕሌቶችም አሉት። ለቸኮለ ሰው ጥሩ ናቸው። ግን ፊደሉን ወይም የሳጥኑን መጠን ልቀይር ስትሉ አንዱን ሲነኩት ሌላው ይዛባል። ከባዶ ገጽ መጀመር አንድ ምሽት ቢወስድም ሁሉ ነገር በእጃችሁ ይሆናል።

መጀመሪያ ቀኖቹን ሰብስቡ

ኮምፒውተሩን ከመክፈታችሁ በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። ካሌንደሩን የእናንተ የሚያደርገው ይሄ ነው፤ የቀረው መስመርና ቁጥር ነው። የቤተሰብና የጓደኛ ልደት፣ የጋብቻ ቀን፣ ትምህርት ቤት የሚከፈትበትና የሚዘጋበት፣ የሐኪም ቀጠሮ፣ የወር ክፍያ የሚደርስበት ቀን፣ ሁሉንም በየወሩ ከፋፍላችሁ ጻፉ። ያልተረጋገጠ ልደት ካለ ደውላችሁ ጠይቁ። የሚወዱት ሰው ልደት በተሳሳተ ቀን ታትሞ ዓመት ሙሉ ሲታይ ያሳዝናል።

ቀጥሎ 12 ፎቶ ምረጡ። በሜሴጅ መላኪያ አፕ የመጣላችሁ ፎቶ መጠኑ ተቀንሶ ሊሆን ይችላል። ስልክ ላይ ጥርት ብሎ የሚታየው ሲታተም ይደበዝዛል። ስለዚህ ዋናውን ፋይል ከባለቤቱ ተቀበሉ። 18 ሴንቲ ሜትር ስፋት ኖሮት ጥርት ብሎ እንዲታተም ፎቶው ወደ 2,200 ፒክስል ስፋት ቢኖረው ጥሩ ነው።

ገጹን ማዘጋጀት

አዲስ ባዶ ዶክመንት ክፈቱ። ሌይአውት የሚለው ውስጥ ገብታችሁ ሳይዝ ላይ ኤ4ን ምረጡ። ገጹ እንደቆመ ይሁን፤ ፎቶው ከላይ፣ ሠንጠረዡ ከታች ይገባል። ፎቶ የማትፈልጉና ሳጥኖቹ ላይ በእጅ ብዙ የምትጽፉ ከሆነ ግን ኦሪየንቴሽን ውስጥ ላንድስኬፕን ምረጡና ገጹን አጋድሙት። ያኔ እያንዳንዱ ሳጥን ወደ 3.8 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል።

ማርጂኑን ከላይ 2 ሴንቲ ሜትር፣ በሌሎቹ ጎኖች 1.27 አድርጉት። የላይኛው የሚበዛው ለስፓይራሉ ወይም ለመስቀያው ቀዳዳ ነው። ይህ ሲረሳ ቀዳዳው የፎቶውን ራስ ይበሳል።

አሁን ፎቶውን በኢንሰርት፣ ፒክቸርስ አስገቡ። 18 ሴንቲ ሜትር በ12 እንዲሆን በክሮፕ ቁረጡት፤ ጎትታችሁ ካስተካከላችሁት ሰው ይቀጥናል ወይም ይወፍራል። ራፕ ቴክስት የሚለው ላይ ኢን ላይን ዊዝ ቴክስት መመረጡን እዩ። እንዲህ ሲሆን ፎቶው ከቦታው አይሸሽም። ከፎቶው ስር የወሩን ስምና ዓመቱን በትልቁ ጻፉ።

ሠንጠረዡ

ኢንሰርት፣ ቴብል ብላችሁ 7 አምድና 7 ረድፍ ያለው ሠንጠረዥ አስገቡ። አምዱ ለሳምንቱ ቀናት ነው። ከረድፎቹ የመጀመሪያው የቀናቱ ስም የሚጻፍበት ሲሆን 6ቱ ለሳምንታት ናቸው። ብዙ ሰው 5 ሳምንት ይበቃል ብሎ ይጀምርና በመሃል ይጣበቃል። የ2027 (እ.ኤ.አ.) አቆጣጠርን እንይ። ሳምንቱን ከሰኞ ብትጀምሩ ፌብሩዋሪ ሰኞ ገብቶ እሁድ ስለሚያልቅ በ4 ረድፍ ልክ ይገባል። ሜይ ግን ቅዳሜ፣ ኦገስት ደግሞ እሁድ ይጀምራሉ፤ ሁለቱም 31 ቀን ስላላቸው 6 ረድፍ ይፈልጋሉ። በሁሉም ወር 6 ረድፍ ከያዛችሁ ገጾቹ ሁሉ እኩል ይሆናሉ።

ከዚያ ሠንጠረዡን በሙሉ ምረጡና ቴብል ፕሮፐርቲስ ውስጥ ግቡ። ሮው የሚለው ላይ የቀን ረድፎቹን ቁመት 1.9 ሴንቲ ሜትር፣ የስሞቹን ረድፍ 0.8 አድርጉ። እዚያው አጠገብ ካሉት ሁለት ምርጫዎች ኤግዛክትሊ የሚለውን ያዙ። አት ሊስት ከሆነ ጽሑፍ በበዛ ቁጥር ረድፉ ያድግና የወሩ የመጨረሻ ሳምንት ወደ ቀጣዩ ገጽ ይገፋል። ስፋቱም እንዳይነቃነቅ አውቶፊት ውስጥ ፊክስድ ኮለም ዊድዝን ምረጡ።

ቁጥሮቹን ስትጽፉ ታብ እየተጫናችሁ ከሳጥን ሳጥን ሂዱ። የመጨረሻው ሳጥን ላይ ስትደርሱ ግን አቁሙ፤ እዚያ ታብ ከነካችሁ ዎርድ ሌላ ረድፍ ይጨምራል። ቁጥሩን ከላይ በአንዱ ጥግ አድርጉትና ከስሩ ለማስታወሻ ቦታ ተዉ። ቁጥሩ በ16፣ ማስታወሻው በ8 ወይም በ9 መጠን ቢሆን ይመጣጠናል። ለአዛውንት የምትሰሩ ከሆነ ቁጥሩን እስከ 24 ከፍ አድርጉት፤ ማስታወሻውን አሳጥሩት።

አንዱን ወር ሳትጨርሱ ኮፒ አታድርጉ

ይህን ከልቤ ነው የምላችሁ። ቀለሙ፣ ፊደሉ፣ የመስመሩ ውፍረት፣ ሁሉም በመጀመሪያው ወር ላይ ይለቅ። 12ቱን ከደረደራችሁ በኋላ ፊደሉን ልቀይር ማለት ያንኑ ስራ 12 ጊዜ መድገም ነው። ሲያልቅ ፋይሉን ሴቭ አድርጉ፤ ከገጹ መጨረሻ ኮንትሮልና ኢንተርን አብራችሁ ተጭናችሁ አዲስ ገጽ ክፈቱና የመጀመሪያውን ኮፒ አድርጋችሁ ለጥፉ።

ቁጥሩን 12 ጊዜ መጻፍ ግን አያስፈልግም። ፌብሩዋሪ 28 ቀን በሚሆንበት ዓመት ጃንዋሪና ኦክቶበር በአንድ ቀን ይጀምራሉ። ፌብሩዋሪ፣ ማርችና ኖቬምበርም እንዲሁ። ኤፕሪል ከጁላይ፣ ሴፕቴምበር ከዲሴምበር ይገጥማሉ። ሜይ፣ ጁንና ኦገስት ብቻቸውን ናቸው። ስለዚህ 7 ሠንጠረዥ ብቻ ትሞላላችሁ፤ ሌላው ኮፒ ነው። 30 ቀን ላለው ወር 31ን መሰረዝ ብቻ ነው። የምትከተሉት አቆጣጠር ሌላ ከሆነ የሚያስፈልጋችሁ ወሩ በየትኛው ቀን እንደሚገባና ስንት ቀን እንዳለው ማወቅ ነው።

ማስታወሻዎቹን ከወረቀታችሁ እያያችሁ አስገቡ። ለልደት አንድ ቀለም፣ ለቀጠሮ ሌላ ቀለም ይበቃል። ከሦስት ቀለም በላይ ሲሆን ዓይን የቱን ይይ? በሳጥን ውስጥ ረጅም ዓረፍተ ነገር አይገባም፤ «የማሚ ልደት» ማለት በቂ ነው። ለአማርኛው ኒያላ ወይም ኤብሪማ ፎንት ጥሩ ይነበባል።

ከመታተሙ በፊት

አንዳንዴ በወሮቹ መካከል ባዶ ገጽ ይገባል። ምክንያቱ ዎርድ ከሠንጠረዥ በኋላ ሁልጊዜ አንድ ባዶ መስመር ስለሚያስቀምጥ ነው። መስመሩን መሰረዝ አይቻልም። የፊደሉን መጠን 1 አድርጉት፤ ባዶው ገጽ ይጠፋል።

ሌላ ቦታ የምታሳትሙ ከሆነ የዎርዱን ፋይል ይዛችሁ አትሂዱ። እዚያ ያለው ኮምፒውተር የእናንተ ፎንት ከሌለው መስመሩ ሁሉ ይዘበራረቃል። ሴቭ አዝ ብላችሁ ፒዲኤፍ አድርጉት።

ከዚያ አንድ ወር ብቻ በተራ ወረቀት አትሙ። ግድግዳ ላይ በማስቲሽ ለጥፉትና ሁለት ሜትር ያህል ራቅ ብላችሁ እዩት። ቁጥሩ ይነበባል? ፎቶው ጨልሟል? ፕሪንተር ብዙ ጊዜ ከስክሪኑ ጨለም ያደርጋል፤ እንዲያ ከሆነ ኮሬክሽንስ ውስጥ ብርሃኑን ከፍ አድርጉት። ወረቀታችሁን ይዛችሁም ለሌላ ሰው ቀኖቹን አንብቡለት፤ እሱ ካሌንደሩ ላይ እያየ ያረጋግጥ። ስህተት ካልተገኘ 12ቱንም ወፈር ባለ ወረቀት አሳትሙ።