ጉፒ የወለደቻቸውን እንዳትበላ ምን እናድርግ?

አዎ፣ ጉፒዎች የራሳቸውን ልጆች ይበላሉ። ጉፒ፣ ሞሊ፣ ፕላቲ እና ሶርድቴይል የሚባሉት ትንንሽ የገንዳ ዓሦች እንቁላል አይጥሉም፤ ወዲያው የሚዋኝ ልጅ ይወልዳሉ። የእናትነት ሥራቸው ግን እዚያው ላይ ያበቃል። ከጣና ወደ ጎንደር የሚመጣው ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ እንኳ እናቲቱ እንቁላሏንም ጫጩቶቿንም አፏ ውስጥ ይዛ ትጠብቃለች። ጉፒ ይህ የላትም። አፏ የሚችለው፣ የሚንቀሳቀስ ትንሽ ነገር ሁሉ ለእሷ ምግብ ነው። ስለዚህ የሚስተካከለው ገንዳው ነው።

መጀመሪያ የመውለጃ ጊዜዋን እወቁ። እርግዝናዋ አራት ሳምንት ገደማ ነው፤ ውኃው ከቀዘቀዘ ይረዝማል። ሆዷ በጣም ሲሰፋና ከሆዷ ኋላ ያለው ጥቁር ነጥብ ሲጎላ ተዘጋጁ። ወንድ አብሯት ባይኖርም አትዘናጉ፤ አንዴ ከተገናኘች ለወራት ደጋግማ ልትወልድ ትችላለች።

ዋናው ሥራ መደበቂያ ማብዛት ነው። ጃቫ ሞስ የሚባለውን የውኃ ተክል ወይም ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ተክል ካገኛችሁ ጥቅጥቅ አድርጋችሁ አስገቡ። አንድ ሁለት ቅጠል ምንም አይረዳም፤ ትልቁ ዓሣ ሊገባበት የማይችል ጥሻ መሆን አለበት። ተክል ካጣችሁ ቀለሙን የማይለቅ የአክሪሊክ ሹራብ ክር በደንብ እጠቡ፣ በብዛት ቆራርጣችሁ እሰሩትና ከቡሽ ላይ አንጠልጥሉት። እውነቴን ነው፣ በደንብ ይሠራል።

ብዙ ሰው እናቲቱን ትንሽ የመውለጃ ሳጥን ውስጥ ይዘጋባታል። እኔ አልመክርም። ትጨነቃለች፣ ያለጊዜዋም ልትወልድ ትችላለች። ሳጥኑ ካላችሁ ጫጩቶቹን አስገቡበት።

የፊልተሩን (የውኃ ማጣሪያውን) መሳቢያ አፍ በስፖንጅ ሸፍኑ፤ አለበለዚያ ከእናታቸው የተረፉትን እሱ ይውጣቸዋል። ትልልቆቹንም አታስርቡ። መጥገብ ብቻውን ባያስተዋቸውም አደኑን ይቀንሳል።

ለጫጩቶቹ የዓሣ ምግብ በጣት አድቅቃችሁ በቀን ሦስት አራት ጊዜ በትንሽ በትንሹ ስጡ። የተቀቀለ የእንቁላል አስኳልም ይሆናል፤ ግን የመርፌ ጫፍ ያህል ብቻ፣ ውኃ ቶሎ ያበላሻል። የቧንቧ ውኃ ስትጨምሩ ክሎሪኑ እንዲወጣ አንድ ቀን ባልዲ ውስጥ አሳድሩት።

እዚህ ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ ሌሊቱ ይበርዳል። ሂተሩን (የውኃ ማሞቂያውን) 25 ዲግሪ አካባቢ አድርጉት። መብራት ከጠፋ ገንዳውን በጋቢ ጠቅልሉት፤ ላዩን ግን አየር እንዲያገኝ ክፍት ተዉት።

ጫጩቶቹ ከትልልቆቹ አፍ ሲበልጡ፣ ማለትም ከአንድ እስከ ሁለት ወር ውስጥ፣ መቀላቀል ይቻላል። ሁሉንም ለማትረፍ አትሞክሩ። አንዲት ጉፒ በአንድ ጊዜ በደርዘን የሚቆጠሩ ልትወልድ ስለምትችል ገንዳው ቶሎ ይጨናነቃል። የተረፋችሁን ለሚያሳድግ ሰው ስጡ። ቀሃም ሆነ አንገረብ ወንዝ፣ ጣናም ቢሆን፣ በፍጹም አትልቀቁ፤ ጉፒ በሌሎች አገሮች ወንዝ ገብታ የአገሬውን ዓሣ ያስቸገረች ዓሣ ናት።