ስለ መጀመሪያው የቪአር ዘመን ስትጽፉ እነዚህን ስህተቶች ተዉ

ስለ ጌም ታሪክ መጻፍ የጀመሩ ልጆች ጽሑፋቸውን እንዳይላቸው ይልኩልኛል። ደስ እያለኝ አነባለሁ። የ1990ዎቹ ቪአር (መነጽር አጥልቆ ኮምፒውተር የሣለው ዓለም ውስጥ መግባት) ላይ ሲደርሱ ግን ሁሉም አንድ ቦታ ይሰናከላሉ። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ቪአር ኦኩለስ በተባለው የ2010ዎቹ የመነጽር ኩባንያ ጀመረ ማለት። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ አይቫን ሰዘርላንድ ራስ ላይ የሚደረገውን ስክሪን ያሳየው በ1968 ነው። ይኸው።

ቨርቹዋል ቦይን የቪአር መነጽር ብሎ መጥራት። ኔንቲዶ በ1995 ያወጣው ይህ ማሽን ጠረጴዛ ላይ በእግሩ የሚቆም ነው። ጎንበስ ብላችሁ ዓይናችሁን ታስጠጋላችሁ። የጭንቅላትን እንቅስቃሴ ጨርሶ አይከተልም። የሚሰጠው ጥልቀት ያለው ቀይና ጥቁር ምስል ነው። ስሙ ግን ሌላ ነገር አስጠበቀ፣ በዓመት ገደማም ከገበያ ወጣ። የሠራው ጉንፔይ ዮኮይ በእጅ የሚያዘው የጌም ቦይ አባት ነው። እባካችሁ በዚህ ማሽን ብቻ አታስታውሱት።

ጌምን ሁሉ «ውስጡ በመግባት» መለካት። ይሄኛው ላይ ዝም ማለት አልችልም። «ያኔ ጌም ገና ነበር፤ ሰው ስክሪን ላይ ከማፍጠጥ ሌላ አማራጭ አልነበረውም» የሚል ነገር ስንቴ አነበብኩ! ይህ አመለካከት የመጣው ከራሱ ከቪአር ወሬ ነው። የኮምፒውተር ባለሙያው ጄረን ላኒየርና ቪፒኤል የተባለው ኩባንያው መነጽርና ጓንት ይዘው ሲመጡ፣ ጋዜጣውም ቴሌቪዥኑም የሩቁን ነገር ነገ የሚደርስ አስመሰሉት። ፊልሞች ደግሞ ጊዜ ወስደው በኮምፒውተር የሣሉትን ዓለም አሳዩ። በጌም ቤቶች የነበረውን የቨርቹዋሊቲ ማሽን መነጽር ያጠለቀ ተጫዋች ያገኘው ግን ጥቂት ባለማዕዘን ቅርጾችን ነው። ማሽኑ ጭንቅላት በዞረ ቁጥር ምስሉን እዚያው መሣል ነበረበት፤ የዚያ ዘመን አቅም አልቻለውም።

ሰው መነጽሩን ተወው፣ መለኪያውን ግን ያዘ። ጌም ሲመጣ «እውነት ይመስላል ወይ?» ብቻ ሆነ ጥያቄው። ዱም የተባለው የተኩስ ጌም በ1993 ሲወጣ ቀና ብሎ ማየት እንኳ አይቻልበትም ነበር። ግን ከበሩ ጀርባ የጭራቅ ድምፅ ሰምቶ ጥይቱን የቆጠረ ሰው፣ ልቡ እንዴት ይመታ እንደነበር አይረሳም። ገበጣ የሚጫወትስ ጠጠሩ ምን እንዲመስልለት ይፈልጋል? የሚስበው የሚቀጥለው ውሳኔ ነው።

እኔም ተሳስቻለሁ። መጀመሪያ መነጽር ባጠለቅኩበት ማታ «የተራ ስክሪን ዘመን አበቃ» ብዬ ጻፍኩ። ፌስቡክ በ2014 ኦኩለስን በ2 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛ መስማማቱን ሲያሳውቅ ደገምኩት። ያነበቡኝ ልጆች የሚወዱትን ጌም እንደ ኋላቀር ነገር እንዲያዩት አድርጌያለሁ። ያ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ማቅለሽለሹን መዝለል። ዓይን «እየሄድን ነው» ሲል የውስጥ ጆሮ «ቆመናል» ይላል። ምስሉ ከጭንቅላት ከዘገየ ደግሞ ይብሳል። ሰው ለምን መነጽሩን አውልቆ ወደ ስክሪኑ እንደተመለሰ ስትጽፉ፣ ከዚህ ጀምሩ።