ለልጆች የታሪክና የጀብዱ ልብ ወለድ ስንመርጥ የምንሠራቸው ስህተቶች

ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር፣ ሰኔ ሲያልቅ ወላጆች የሚጠይቁኝ ነገር ተመሳሳይ ነው። «ልጄ ክረምቱን ምን ያንብብ? ታሪክ ያለበት፣ ልብም የሚሰቅል ነገር ንገረኝ እስቲ።» ጥያቄው ደስ ይላል። ችግሩ መልሱ ላይ ነው። ብዙዎቻችን የልጁን ዕድሜ እንኳ ሳንጠይቅ ትልልቅ ስም መጥራት እንጀምራለን።

ጎጃም ላይ በጣም የተለመደው ስህተት የ12 ዓመት ልጅን «ፍቅር እስከ መቃብር» ማሸከም ነው። ምክንያቱ ይገባኛል። ሀዲስ ዓለማየሁ የአገራችን ልጅ ናቸው፤ ታሪኩም ማንኩሳ ይጀምርና ዲማ ጊዮርጊስ ይገባል። በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ መጽሐፉን ገልጦ የማያውቅ ሰው እንኳ ጉዱ ካሳን ያውቃል። ግን ከ500 ገጽ በላይ ነው። በዚያ ላይ የሚጀምረው በዋናው ገጸ ባሕርይ በበዛብህ ሳይሆን በእናትና አባቱ፣ በውድነሽ በጣሙና በቦጋለ መብራቱ ነው። ያ ክፍል ለትልቅ ሰው ይጥማል። ልጁ ግን ፈረስና ጦር ሲጠብቅ የጎልማሶች ትዳር ይገጥመዋል። ጥቂት ገጽ ይታገልና ይዘጋዋል። ከዚያ በኋላ «ሞክሬው ነበር፣ ደባሪ ነው» እያለ ያድጋል። የሚያናድደኝ ይሄ ነው፤ ዕድሜው ሲደርስ ሊወደው የሚችለውን መጽሐፍ አስጠላነው ማለት ነው።

የሚሻለው ከመሐል ትንሽ ማስቀመስ ነው። ባላባቱ ፊታውራሪ መሸሻ ገበሬዎቹን ሊቀጡ ዘምተው በገበሬዎቹ መሪ በነአበጀ በለው እጅ የሚወድቁበትን ክፍል ማታ ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። ጦርነት አለ፣ ሳቅ አለ፣ የተዋረደ ትልቅ ሰው አለ። ልጅ ደግሞ ትልቅ ሰው ሲዋረድ ማየት ይወዳል፤ አንዋሽ። ወይም ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ ለሬዲዮ የተረከውን አስደምጡት። ያንን ድምፅ የሰማ ልጅ መጽሐፉን አንድ ቀን ራሱ ፈልጎ ያነሳዋል። በ16 ዓመቱ ይሁን፣ ምን ቸገረ።

ሌላው ስህተት የታሪክ ልብ ወለድን የታሪክ መማሪያ አድርጎ መስጠት ነው። አፄ ቴዎድሮስን እንውሰድ። የአቸፈሩ ተወላጅ አቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ»ን፣ ብርሃኑ ዘሪሁን ደግሞ «የቴዎድሮስ ዕንባ»ን ጽፈዋል። ሁለቱም ስለ አንድ ንጉሥ ነው። ግን ንጉሡ ድንኳን ውስጥ ብቻቸውን ምን እንዳሰቡ የሚነግረን ደራሲው ነው። ይህን ለልጁ ቀድማችሁ ንገሩት፤ ደስታውን አይቀንስበትም።

ደግሞ የጎጃም ልጅ ቴዎድሮስን ሲያነብ ሌላ ጉዳይ አለበት። ቴዎድሮስ ገና ሳይነግሡ፣ ካሳ ሲባሉ፣ በ1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ ያሸነፉት የጎጃሙን ገዥ ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴን ነው። ጎሹ እዚያው ወደቁ። ልጃቸው ብሩ ጎሹም ኋላ በቴዎድሮስ እጅ ገብተው ለረጅም ዓመታት ታሰሩ። ካሳን ወዶ መጽሐፉን የጨረሰ ልጅ ይህን ሲሰማ «ታዲያ እኛ ከማን ወገን ነን?» ማለቱ አይቀርም። ለመመለስ አትቸኩሉ። አያቱ ካሉ እሳቸውን ይጠይቅ። የእሳቸው መልስ ከደራሲው ጋር ከተጣላ ልጁ ሁለተኛውን መጽሐፍ ለማንበብ የራሱን ምክንያት አገኘ።

ልጁ ሲጨርስ ግን ፈተና አታድርጉበት። «ከዚህ ምን ተማርክ?» የሚባል ነገር አለ፤ ንባብን እንደሱ የሚገድል የለም። «አንተ ብትሆን በየት በኩል ታመልጥ ነበር?» ብትሉት አፉን ከፍቶ ያወራችኋል።

ጀብዱ የወንድ ልጅ ነው ብሎ ለሴቷ የፍቅር ታሪክ መምረጥም አለ። የዜጌው ተወላጅ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ያሳተሙት፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው «ጦቢያ» ጀግናዋ ሴት ናት። የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር የጠፋ ወንድሟን ፍለጋ ትወጣለች። መጽሐፉ ቀጭን ነው። አማርኛው ግን አሮጌ ስለሆነ አንድ ትልቅ ሰው አጠገቧ ይቀመጥ፤ የመጀመሪያዎቹን ገጾች አብራችሁ ካለፋችሁ ቀሪው ይሄዳል።

ጊዜውንም እንረሳለን። ሐምሌና ነሐሴ ለከተማው ልጅ ዕረፍት ነው። ለገጠሩ ግን አረም አለ፣ ከብት አለ፣ ዝናብ አለ። ከብት የሚጠብቅ ልጅ መጽሐፉን በፌስታል ጠቅልሎ ሸሚዙ ውስጥ ይከተዋል፤ ዝናቡ ሲያባራ ያወጣዋል፤ ከብቶቹ ወደ ሰው ማሳ ሲያመሩ መልሶ ይወሽቀዋል። ለእሱ ባለ ወፍራም ጥራዝ አይሆንም። ምዕራፉ አጭር የሆነ፣ አቋርጦ ሲመለስ የማይጠፋበት ይፈለግለት።

የማይገኝ መጽሐፍ መጠቆምም ትርፉ ድካም ነው። መጀመሪያ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮችንና አከራዮችን ጠይቁ። ቴሌግራም ላይ በፎቶ ተነስቶ የተጫነው ለዓይንም ለደራሲም አይበጅም።

የሰላይና የመርማሪ ታሪክ የሚያነብ ልጅ ካላችሁ ደግሞ «እርባና ቢስ» ብላችሁ አትቀሙት። ገጽ መግለጥ የለመደው በዚያ ነው። ከጎኑ ሌላ አስቀምጡለት እንጂ።

በመጨረሻም፣ ከሃያ ዓመት በፊት ያነበባችሁትን በትዝታ ብቻ አትስጡ። የምናስታውሰው ጦርነቱን ነው፤ መኝታ ቤቱንና ግርፋቱን ረስተነዋል። ሙሉውን ለማንበብ ጊዜ ከሌላችሁ መጀመሪያውንና ከመሐል አንድ ምዕራፍ እዩት፤ ከዚያ ስጡት።