በአስገድዶ መድፈር ክስ የይግባኝ ውሳኔን እንዴት ማንበብ እንዳለብን

በአስገድዶ መድፈር የተፈረደበት ሰው ይግባኝ ብሎ ነፃ ሲወጣ ወዲያው የሚወራው "አያችሁ፣ ዋሽታ ነበር" ነው፣ ፍርዱ ሲፀና ደግሞ "አዝነውላት ነው" ይባላል። ውሳኔውን ገልጣችሁ ስታነቡ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም የሉበትም። ጉዳዩ የራሳችሁ ወይ የቤተሰባችሁ ከሆነ ደግሞ በወሬ ከመሰበር በፊት ወረቀቱን ራሳችሁ አንብቡት።

መጀመሪያ የይግባኝ ቅሬታው ምን ላይ እንደሆነ ፈልጉ። የህግ ስህተት ነው ወይስ የማስረጃ ምዘና? ይሄ በጣም ይለያያል። ብዙ አገር ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ምስክር እንደ አዲስ ጠርቶ አይሰማም፣ የሚያየው መዝገቡን ነው፣ የምስክሮች ቃል፣ የሀኪም ሪፖርት፣ ኤግዚቢት። የሥር ፍርድ ቤት ዳኛ ተበዳይዋን ፊት ለፊት ሰምቷታል፣ ይግባኝ ሰሚው አልሰማትም፣ ስለዚህ "አመንኳት" የሚለውን ግምት በቀላሉ አይነካውም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1979ኙ የጠቅላይ ፍርድ ቤት የጃክሰን እና ቨርጂኒያ ውሳኔ ወዲህ የሚጠየቀው "እኔ ብሆን እፈርድ ነበር ወይ" ሳይሆን ማስረጃው ለዐቃቤ ህግ በሚያደላ መልኩ ታይቶ አንድ ምክንያታዊ ፈራጅ ከጥርጣሬ በላይ ተረጋግጧል ሊል ይችል ነበር ወይ የሚለው ነው። ፈረንሳይ ላይ ግን በከባድ ወንጀል ይግባኝ ሲባል ጉዳዩ እንደ አዲስ ይሰማል። የምታነቡት ውሳኔ ከየትኛው አይነት እንደሆነ ሳታውቁ ማነፃፀር ዋጋ የለውም።

ቀጥሎ የተከሳሹን መከላከያ ለዩ፣ የማስረጃው ክብደት ሁሉ በሱ ነው የሚወሰነው። "እኔ አይደለሁም፣ ቦታው ላይ አልነበርኩም" ካለ ዲኤንኤ፣ የስልክ መረጃ፣ ያየው ሰው ወሳኝ ናቸው። "ተስማምታ ነው" ካለ ግን ዲኤንኤው ምንም አይጨምርም፣ ግንኙነት መኖሩን እንጂ ፈቃድ መኖሩን አያሳይማ። ሰው ይሄን ስለማይለይ ነው "ዲኤንኤ እያለ እንዴት ተለቀቀ" ብሎ የሚገርመው።

ከዛ ወደ ተበዳይዋ ቃል ኑ፣ እዚህ ጋ ረጋ ብላችሁ አንብቡ። ድርጊቱ ብዙ ጊዜ ሰው በሌለበት ስለሚፈፀም "ምስክር የላትም" የሚለው ክርክር ሁሌም ይነሳል፣ ግን እሷ ራሷ ምስክር ናት እኮ! የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1996 የተበዳይ ቃል የሚታመን ከሆነ ሌላ ደጋፊ ማስረጃ የግድ እንዳልሆነ ብሏል፣ የዓለም አቀፉ ወንጀል ፍርድ ቤት የማስረጃ ደንብም በወሲብ ወንጀሎች ደጋፊ ማስረጃ የግድ እንዳይጠየቅ ከልክሏል። ታዲያ ቃሏ የሚናደው ምን ሲሆን ነው? የልብሱ ቀለም፣ ሰዓቱ፣ የቱ ቀድሞ የቱ እንደተከተለ መለያየቱ ብዙ አይጎዳም፣ የፈራ ሰው እንደዛ ነው የሚያስታውሰው። ማን ነው፣ የት ነው፣ ምን አደረገ የሚለው ላይ ቃሏ ከራሱ ጋር ከተጋጨና የሥር ፍርድ ቤቱ ግጭቱን ሳያብራራ ካለፈው ግን ይግባኝ ሰሚው እሱን ይዞ ሊሽር ይችላል። ለፖሊስ ሳትናገር ቀርታ ፍርድ ቤት የጨመረችው ነገር ደግሞ ከቀጥተኛ ግጭት ይለያል፣ የፖሊስ ቃል ብዙ ጊዜ በመርማሪው እጅ አጥሮ የተጻፈ ነው።

የሀኪም ሪፖርት ላይ ጉዳት የለም ተብሎ ቢጻፍ አልተደፈረችም ማለት አይደለም፣ በድንጋጤ ደርቆ መቅረት የታወቀ ነገር ነው። የድንግልና ምርመራ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት እና ሌሎች የተመድ ተቋማት እ.ኤ.አ. በ2018 ሳይንሳዊ መሰረት የለውም፣ ይቁም ብለዋል፣ እሱን ዋና ምክንያቱ ያደረገ ውሳኔ ካያችሁ ተጠራጠሩት። አለመታገልም ፈቃድ አይደለም፣ የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2003 ቡልጋሪያ ላይ በሰጠው ውሳኔ መርማሪዎቹ የትግል ምልክት ብቻ ፈልገው መዝገቡን መዝጋታቸውን ነቅፏል።

የህግ ስህተት የሚባለው ምን እንደሚመስል ለማየት የካናዳውን የኢዋንቹክ (የተከሳሹ ስም ነው) ጉዳይ ተመልከቱ። የሥር ዳኛው ልጅቷን አምነዋት፣ አልፈለገችም ብለው፣ ግን ሁኔታዋ ፈቃድ ይመስላል በሚል ለቀቁት፣ ይግባኝ ሰሚውም አፀናው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1999 "ከሁኔታዋ የሚገመት ፈቃድ" የሚባል መከላከያ በህግ የለም ብሎ ጥፋተኛ አደረገው። ማስረጃው ያው ነው፣ የተለወጠው ህጉ የተነበበበት መንገድ ነው።

መጨረሻ ላይ ትእዛዙን እዩ። ቅጣቱ ብቻ ነው የተቀነሰው? ድጋሚ ይታይ ተብሎ ተመለሰ? ወይስ ሙሉ በሙሉ ነፃ ወጣ? ነፃ ወጣ ማለት አብዛኛውን ጊዜ ጥርጣሬ ቀረ ማለት ነው፣ ዋሽታለች የሚል ግኝት ካለ ውሳኔው ውስጥ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ጥርጣሬው ለተከሳሽ መጠቀሙ ደግሞ ትክክል ነው፣ ያላጠፋ ሰው እስር ቤት እንዳይቀር የተበጀ ጥበቃ ነው።

እናንተው ባለጉዳይ ከሆናችሁ ደግሞ መዝገብ ውስጥ ያልገባ ነገር ይግባኝ ላይ እንደሌለ ይቆጠራል፣ አዲስ ማስረጃ የሚቀበሉት በጠባብ በር ነው፣ ያኔ ሊገኝ የማይችል እንደነበር ማሳየት ይጠበቅባችኋል። ስለዚህ ሪፖርቱም፣ የስልክ መልእክቱም፣ በመጀመሪያው ቀን የነገረቻት ጓደኛም ሥር ፍርድ ቤት እያላችሁ ይግቡ። ፍርዱ በተሰጠ ቀን ግልባጩን ጠይቁና የይግባኝ ጊዜው ከመቼ ጀምሮ እንደሚቆጠር ጠበቃችሁ በጽሁፍ እንዲነግራችሁ አድርጉ፣ ቀኑ ካለፈ ጥሩ ማስረጃ ያለው ሰውም በቀላሉ አይሰማም።